ከ8192 ባይት በታች፦ ሰነዱንና ሲስተሙን ያጣላ የሜሞሪ ጥያቄ

ፕሮግራሙ የሚሠራው በሁለት ኤልፓሮች (እያንዳንዳቸው ራሱን እንደቻለ ማሽን በሚሠሩ የሜይንፍሬም ክፍሎች) ላይ ነው። ሁለቱም ያሉት አንድ ሜይንፍሬም ውስጥ ነው፤ የዚ/ኦኤስ (የሜይንፍሬሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እትማቸውም የጥገና ደረጃቸውም አንድ ነው፤ ሎድ ሞጁሉ (ለመሥራት የተዘጋጀው የፕሮግራሙ ቅጂ) ያው፣ ጄሲኤሉ (ሥራውን የሚያስጀምሩት ትእዛዞች) ያው፣ የሚያነበው የሙከራ ፋይልም ያው። በነባሩ የሙከራ ኤልፓር ላይ ለዓመታት ሳያስቸግር ሠርቷል። አዲስ በተቋቋመው ላይ ግን በኤስ0ሲ4 ይወድቃል፤ ሊነካው የማይገባ ወይም ጨርሶ የሌለ አድራሻ ነክቶ ሲስተሙ ያስቆመዋል ማለት ነው። ያውም ሁልጊዜ አይወድቅም። አንዳንድ ሌሊት በሪተርን ኮድ 0፣ ማለትም ያለ ስህተት፣ ይጨርስና ሁሉም ደህና መስሎ ያድራል።

ጉዳዩ ወደ እኛ ወደ ሲስተም ፕሮግራመሮቹ ሲመጣ ተከሳሹ አስቀድሞ ተለይቶ ነበር። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ያቀረቡት አቤቱታ «ፕሮግራማችን ወደቀ» አይልም፤ «ስቶሬጅ ኦብቴይን ሰነዱ እንደሚለው አይሠራም» ነው የሚለው። ማስረጃ ሁለት አያይዘዋል። አንደኛው፣ ሲስተሙ የሰጠው ቦታ ዜሮ ይሆናል ከሚለው የማኑዋሉ ዓረፍተ ነገር አጠገብ የተቀመጠ ደምፕ (ፕሮግራሙ ሲወድቅ የተቀዳ የሜሞሪ ይዘት) ነው፤ ደምፑ ላይ ቦታው ዜሮ አይደለም። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳምን ነበር፦ በአዲሱ ኤልፓር ላይ አንድ የሲስተም ቅንብር ወደ ነባሩ ዓይነት ሲመለስ ችግሩ ይጠፋል። የሲስተም ቅንብር ተቀይሮ የሚድን ሕመም የሲስተም ሕመም ነው፣ አሉ። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ ውሃ ያነሳል።

ስቶሬጅ ኦብቴይን ማለት የአሴምብለር ፕሮግራም በሥራ ላይ እያለ ሜሞሪ ሲያስፈልገው ሲስተሙን የሚጠይቅበት አገልግሎት ነው። የቀድሞውን ተመሳሳይ አገልግሎት፣ ጌትሜይንን፣ የሚያውቅ ይህንንም ያውቀዋል፤ ከሥር ሆኖ ጥያቄውን የሚያስተናግደው ያው የቨርቹዋል ስቶሬጅ አስተዳዳሪ ነው። ርዝመት ትሰጣለህ፣ ሰብፑል (ቦታው የሚመደብበትን የሜሞሪ ክፍል) ትመርጣለህ፣ አድራሻ ይመለስልሃል። እንዲህ ቀላል የሆነ አገልግሎት ከሰነዱ ሲወጣ ማየት ያስደነግጣል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች በላዩ ላይ ቆመዋልና።

ሞጁሉ

ሞጁሉ በሌሊቱ የባች ሥራ መጀመሪያ ላይ የተመን ፋይል አንብቦ ሜሞሪ ውስጥ ሰንጠረዥ ይሠራል። ራስጌው 128 ባይት ነው፣ እያንዳንዱ ረድፍ 64 ባይት። ረድፎቹን አስቀድሞ ይቆጥራል፣ በ64 ያባዛል፣ 128 ይደምራል፣ የመጣውን ርዝመት ለስቶሬጅ ኦብቴይን ይሰጣል። ቦታው ሲመጣለት ራስጌው መጀመሪያ ላይ ባለ አራት ፊደል መለያ ይጽፋል፤ በ+4 ላይ፣ ማለትም ከመነሻው 4 ባይት ርቆ፣ የረድፎቹን ብዛት ያስቀምጣል።

በ+12 ላይ ያሉት አራት ባይቶች የተጨማሪ ሰንጠረዥ አድራሻ መያዣ ናቸው። በሥራው መሃል የተመን ለውጥ ከመጣ ሌላ ሰንጠረዥ ተሠርቶ በዚያ በኩል ይያያዛል። ለውጥ ከሌለ ቦታው ዜሮ መሆን አለበት፤ ፍለጋው ዜሮ ካየ ይቆማል፣ ዜሮ ካልሆነ ወደዚያ አድራሻ ሄዶ መፈለጉን ይቀጥላል። ፕሮግራሙ ታዲያ በ+12 ላይ ዜሮ የሚጽፍበት መስመር የለውም። ከኦብቴይኑ በላይ ያለው ኮመንት ሲስተሙ ቦታውን አጽድቶ እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሚያነሳ የለም። የቡድኑ የውስጥ መመሪያም ይህንኑ ቃል በቃል ገልብጦ ይዞታል።

ማክሮው (የኦብቴይኑ ጥያቄ የተጻፈበት አጭር ትእዛዝ) በትክክል መስፋፋቱን፣ የተስፋፋውን ኮድ በሚያሳየው በፕሪንት ጄን አይተናል። ርዝመቱ ትክክል፣ ሰብፑሉ 0፣ የሚቀየር ነገር የለም። ይህን ማጣራት አሰልቺ ቢሆንም ሳይደረግ ወደ ደምፕ መግባት ጊዜ ማባከን ነው፤ «አገልግሎቱ ሰነዱን አልተከተለም» ከሚባልባቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ አገልግሎቱ የተጠየቀው ሌላ ነገር ሆኖ ሲገኝ ያልቃሉ። ይህኛው ግን እዚያ ላይ አላለቀም።

ሰነዱ ሙሉውን ሲነበብ

የአሴምብለር አገልግሎቶቹ ማኑዋል ዜሮ ስለማድረግ የሚናገረው ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነው። ፔጀብል ከሆነ፣ ማለትም ገጾቹ ወደ ዲስክ ወጥተው ሊመለሱ ከሚችሉ፣ የግል ሰብፑል 8192 ባይት ወይም ከዚያ በላይ ከጠየቅህ፣ ሲስተሙ ቦታውን ዜሮ አድርጎ ይሰጥሃል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰብፑል 4096 ባይት ወይም ከዚያ በላይ በገጽ ድንበር ላይ እንዲጀምር ብለህ፣ ማለትም ባውንደሪ ፔጅ ጨምረህ ከጠየቅህም እንዲሁ። ከሁለቱ ውጪ ላለ ጥያቄ ቃል አይገባም። ቦታው ዜሮ ሆኖ ቢመጣ መጣ፤ ባይመጣ አገልግሎቱ ምንም አላፈረሰም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 8192 ለመሙላት ስንት ረድፍ ያስፈልጋል? ከ8192 ላይ 128 ሲቀነስ 8064፣ ለ64 ሲካፈል 126። ፋይሉ 126 ረድፍና ከዚያ በላይ ካለው ፕሮግራሙ በሰነዱ ጥላ ሥር ነው፤ 125 ከሆነ ከጥላው ወጥቷል። የፕሮዳክሽኑ፣ ማለትም የእውነተኛው ሥራ፣ ፋይል ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የሙከራው ፋይል ግን ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ የተቀነሰ ነው፤ 120 ረድፍ ብቻ አለው። የሚጠይቀው 7808 ባይት ነው።

ይህ ግኝት ብዙውን ነገር የሚያቃልል ይመስላል፤ ሆኖም የአቤቱታውን ግማሽ ብቻ ነው የመለሰው። «ሰነዱ ዜሮ ይሆናል ይላል» የሚለው ወደቀ። «ታዲያ በነባሩ ኤልፓር ላይ በዚያው 120 ረድፍ ለምን ዜሮ ሆኖ ኖረ?» የሚለው ግን እንዳለ ነው። የፕሮግራሙ ባለቤቶችም ያንኑ ያዙ፤ ልክ ነበሩም። ሰነዱ ቃል አልገባም ብሎ ፋይሉን መዝጋት ለሲስተም ፕሮግራመር ይመቸዋል፣ ነገር ግን ሁለቱ ኤልፓሮች የሚለያዩበትን ምክንያት ሳያውቁ መዝጋት ሌሎቹ ፕሮግራሞች መቼ እንደሚወድቁ አለማወቅ ነው።

ደምፑ

ደምፕ በሚነበብበት መሣሪያ፣ በአይፒሲኤስ፣ የራስጌውን አድራሻ ከፈትን። መለያው በቦታው አለ። በ+4 ላይ 00000078፤ ሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት የተጻፈ) 78 ማለት 120 ነው፣ ትክክል። በ+12 ላይ ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ 89431762 ይላል።

ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ መጨረሻውን እንይ፦ 2። ስቶሬጅ ኦብቴይን የሚሰጠው አድራሻ ሁልጊዜ የ8 ብዜት ነው፤ በሄክሳዴሲማል ሲጻፍ በ0 ወይም በ8 ይጨርሳል። በ2 የሚጨርስ የሰንጠረዥ አድራሻ የለም። ለሁለት የሚካፈል በመሆኑ ግን የማሽን ትእዛዝ ሊቀመጥበት ይችላል፤ በዚህ ማሽን ትእዛዞች የሚቀመጡት በየሁለት ባይቱ ድንበር ነው።

ቀጥሎ መጀመሪያውን፦ 8። ሲስተም/360 በ1964 ሲወጣ አድራሻ 24 ቢት ነበር። በ1983 ኤምቪኤስ/ኤክስኤ ሲመጣ 31 ሆነ። 32 ሳይሆን 31 የሆነበት ምክንያት የላይኛው ቢት ለሌላ ሥራ መቀመጡ ነው፤ ከሥራዎቹ አንዱ ፕሮግራሙ በየትኛው የአድራሻ ሁነታ ላይ እንዳለ ማመልከት ነው። በ31 ቢት ሁነታ ያለ ፕሮግራም ባስር በሚባለው ትእዛዝ ሌላውን ሲጠራ የመመለሻው አድራሻ የላይኛው ቢት 1 ይሆናል። ስለዚህ 0943 ብሎ መጀመር የሚገባው አድራሻ 8943 ብሎ ይጀምራል። በደምፕ ውስጥ ከፊቱ 8 ያለበት፣ በየሁለት ባይቱ ድንበር የሚያርፍ አድራሻ ያየ ሰው መጀመሪያ ሊጠረጥር የሚገባው የመመለሻ አድራሻን ነው።

ሦስተኛው ፍንጭ የተቀመጠበት ስፍራ ነው። በተለመደው ባለ 72 ባይት ሴቭ ኤሪያ (አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲጠራ የማሽኑ ሬጂስተሮች ይዘት የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ +12 የሬጂስተር 14 ቦታ ነው፤ ሬጂስተር 14 ደግሞ የመመለሻ አድራሻ የሚቀመጥበት ነው። እንግዲህ የተመን ሰንጠረዡ ራስጌ የተሠራው የሌላ ፕሮግራም ሴቭ ኤሪያ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። አዲሱ ባለቤት +0ን እና +4ን ጻፈባቸው፤ +12ን አልነካውም።

ባለቤቱን ማግኘት ከዚህ በኋላ ቀላል ነበር። በአይፒሲኤስ ዌር ብሎ 09431762ን መጠየቅ አድራሻው በየትኛው ሞጁል ውስጥ እንደሚወድቅ ይናገራል። ከተመን ሞጁሉ ቀደም ብሎ የሚጠራ፣ ፓራሜትርና ቀን የሚያነብ ንዑስ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ሁለት ባይት ወደኋላ፣ 09431760 ላይ ስናይ ባስር 14,15 አለ። እጅ ከፍንጅ። ንዑስ ፕሮግራሙ የራሱን የሥራ ቦታ በስቶሬጅ ኦብቴይን ወስዶ፣ መጀመሪያው ላይ ሴቭ ኤሪያውን አድርጎ፣ ሌሎችን ጠርቶ፣ ሲጨርስ ቦታውን በአግባቡ መልሷል። ጥፋት የለበትም። ተከራይ ቤቱን ሲለቅ ግድግዳው ላይ የጻፈውን አላጠፋም፣ ውሉም አያስገድደውም።

አልፎ አልፎ ብቻ የሚወድቅበት ምክንያትም ከዚሁ ይወጣል። ፍለጋው +12ን ተከትሎ ሲሄድ የሚያርፈው የማሽን ትእዛዞች ላይ ነው፤ እነሱንም እንደ ሰንጠረዥ ያነባቸዋል። ከዚያ ቦታ +4 ላይ ያለውን የረድፍ ብዛት ይለዋል። ንዑስ ፕሮግራሙ በመጨረሻ የጠራው ማንን እንደሆነ እንደ ቀኑ ዓይነት ስለሚለያይ የሚቀረው የመመለሻ አድራሻም ይለያያል። በአንደኛው መንገድ +4 ላይ የሚገኘው በ58 የሚጀምር ትእዛዝ ነው፤ እንደ ቁጥር ሲነበብ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ረድፍ ይሆናል። ፍለጋው በየ64 ባይቱ እየዘለለ ከሞጁሉ ወጥቶ ያልተሰጠ ገጽ ላይ ይደርሳል፤ ኤስ0ሲ4፣ ምክንያት ኮድ 11፣ የገጽ ትርጉም አልተገኘም። በሌላኛው መንገድ +4 ላይ ያለው በ98 ይጀምራል። የላይኛው ቢት 1 ስለሆነ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ዙሩ ሳይጀመር ያልቃል፤ ጆቡ በ0 ይጨርሳል።

እኔን ያስጨነቀኝ የሚወድቀው መንገድ አይደለም። ፍለጋው እስኪወድቅ ድረስ በየ64 ባይቱ ቁልፉን ሲያነጻጽር ይሄዳል፤ አንዱ ቢገጥምለት የማሽን ትእዛዝ ባይቶችን ተመን ብሎ ይወስዳቸው ነበር። ያንን አቤንድ፣ ማለትም የፕሮግራሙ መውደቅ፣ አይናገረውም።

በትሬስ ማረጋገጥ

ደምፕ የመጨረሻውን ሁኔታ ያሳያል፤ ቦታው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ለማየት ግን የኦብቴይንና የሪሊስ (የመውሰድና የመመለስ) ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ለዚህ የጌትሜይን፣ ፍሪሜይንና ስቶሬጅ ትሬስ (ጥያቄዎቹን ተራ በተራ የሚመዘግብ) አለ። የሲስተሙ ቅንብር በሚቀመጥበት በፓርምሊብ፣ ዲያግ በሚባለው አባል ውስጥ ቪኤስኤም ትሬስ ጌትፍሪ ኦን ተብሎ ይበራል፣ በሴት ዲያግ ሥራ ላይ ይውላል፤ መዝገቦቹ በጂቲኤፍ (የሲስተሙ የትሬስ ሰብሳቢ) በኩል የዩዘር መዝገብ ኤፍ65 ሆነው ይሰበሰባሉ። በአድራሻ ክልል፣ በሰብፑልና በርዝመት ካልተጣራ የሚመጣው ጎርፍ ነው። እኛ ሰብፑል 0ን፣ የእኛን ጆብ ብቻ አልን።

በሁለቱም ኤልፓሮች ላይ አስሮጥነውና መዝገቦቹን ጎን ለጎን አስቀመጥን። በአዲሱ ኤልፓር ላይ ንዑስ ፕሮግራሙ 7920 ባይት ይወስዳል፣ ይመልሳል፤ ቀጥሎ የተመን ሞጁሉ 7808 ባይት ሲጠይቅ ያው መነሻ አድራሻ ይሰጠዋል። በነባሩ ላይ ቅደም ተከተሉ አንድ ሆኖ ሳለ ለ7808ቱ የተሰጠው አድራሻ ሌላ ነው፤ ማንም ያልነካቸው ገጾች ላይ።

ያልተነካ ገጽ ለምን ዜሮ ይሆናል? ሲስተሙ ለአንድ አድራሻ ክልል (አንድ ሥራ ለብቻው ለሚያየው ሜሞሪ) አዲስ ፍሬም፣ ማለትም ገጹን የሚይዝ እውነተኛ ሜሞሪ፣ ሲሰጥ የቀድሞውን ባለቤት ውሂብ ማሳየት ስለሌለበት አጽድቶ ነው የሚሰጠው። ይህ የደኅንነት ግዴታ ነው እንጂ ለፕሮግራመር የተደረገ ውለታ አይደለም። በአንድ አድራሻ ክልል ውስጥ ግን የሚደበቅ ነገር የለም። ገጹ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ፍሬሙ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ንክኪ የሚመጣው የጸዳ ነው። ከገጹ ላይ ጥቂት ባይት እንኳ በሌላ ሰው ተይዞ ከቀረ ገጹ አይለቀቅም፤ የተጻፈበትም እንዳለ ይቆያል።

8192 የሚለው ድንበር ትርጉም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ገጽ 4096 ባይት ነው። ከ8192 ባይት በታች የሆነ ክፍት ቦታ በሁለት ገጾች ላይ ተንጠልጥሎ አንዱንም ሙሉ በሙሉ ላይሸፍን ይችላል። የእኛዎቹ 7920 ባይቶች እንዲያ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ገጽ ራስ ላይ ሌላ ትንሽ ይዞታ፣ የሁለተኛው ጅራት ላይ ሌላ። ሁለቱም ገጾች ሳይለቀቁ ቀሩ። የተመን ሞጁሉም ከነትዝታቸው ወረሳቸው።

ቅንብሩ

ዲ ዲያግ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተን በሁለቱም ኤልፓሮች ላይ የሥራ ቅንብሩን አየን። ልዩነቱ አንድ መስመር ላይ ነው፦ ቪኤስኤም ዩዝ-ዚኦኤስ-ቪ1አር9-ሩልስ። በነባሩ የስ፣ በአዲሱ ኖ። አዲሱን ኤልፓር ያቋቋመው ባልደረባ የዲያግ አባሉን ከዜሮ ጀምሮ ነው የጻፈው፤ ከነባሩ አልገለበጠም። በእኔ አስተያየት ደግ አደረገ።

ነገሩ የሚጀምረው ከ2008 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ዚ/ኦኤስ 1.10 የጌትሜይንና የስቶሬጅ ኦብቴይን ጥያቄዎች የት ቦታ እንደሚያርፉና ቦታው በምን ሁኔታ እንደሚጀመር የሚወስኑትን የውስጥ ደንቦች ቀይሯል። የሰነዱ ቃል ኪዳን አልተቀየረም፤ 8192ም 4096ም ባሉበት ናቸው። የተቀየረው ከቃል ኪዳኑ ውጪ የነበረው ነው። ግን ከቃል ኪዳኑ ውጪ ባለው ላይ ተደግፈው የኖሩ ፕሮግራሞች እንዳሉ ይታወቅ ስለነበር ወደ 1.9 ደንብ የሚመልሰው መቀያየሪያ አብሮ ተሰጠ። ችግሩ፣ ስለ ስቶሬጅ ኦብቴይን የሚያነብ ሰው የሚከፍተው የአሴምብለሩን ማኑዋል ነው፤ መቀያየሪያው የተጻፈው ደግሞ ሲስተም ፕሮግራመሮች በሚከፍቱት የፓርምሊብ ማኑዋል ውስጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የፕሮግራሙ ባለቤቶች «ሲስተሙ ነው» ያሉት፣ እኛ «ፕሮግራሙ ነው» ለማለት የቸኮልነው፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን መጽሐፍ ይዘን ስለነበር ነው።

ወደ ሁለተኛው ማስረጃቸው ስንመለስ፦ ቅንብሩ ሲቀየር ችግሩ መጥፋቱ ሐቅ ነው። ያ ግን ጥፋተኛን አያመለክትም። ቦታው ሌላ ስፍራ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ ማንኛውም ነገር ያጠፋዋል። ከንዑስ ፕሮግራሙ በፊት ተጨማሪ 300 ባይት መጠየቅም ያጠፋዋል፤ ሞክረነው አጥፍቶታል። ምልክትን የሚሰውር ነገር ሁሉ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ 126 ረድፍ መሙላትም መድኃኒት በሆነ ነበር።

ይህን በቃል ማስረዳት ስላልበቃ አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፍን። ስቶሬጅ ኦብቴይን ቼክዜሮ የሚባል ፓራሜትር አለው፤ የስ ከተባለ ሲስተሙ የሰጠውን ቦታ አጽድቶት እንደሆነ በሪተርን ኮዱ ይናገራል። ካጸዳው በሄክሳዴሲማል 14፣ ማለትም 20። ካላጸዳው 0። ፕሮግራሟ የተለያየ ርዝመት እየጠየቀች፣ በመሃል እያቆሸሸችና እየመለሰች ኮዱን ታትማለች። በ8192ና ከዚያ በላይ በሁለቱም ኤልፓሮች 20። በባውንደሪ ፔጅ 4096 ሲጠየቅም 20። ከዚያ በታች አንዴ 20፣ አንዴ 0፣ እንደ ዕድሉ፤ በነባሩ ላይ 20 ይበዛል፣ በአዲሱ 0 ይበዛል። በነባሩም 0 መታየቱ ነው ክርክሩን የጨረሰው። ነባሩ ኤልፓር ደኅና አልነበረም፤ ዕድለኛ ነበር።

ቼክዜሮን ለመጠቀም ላሰበ አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች ከኦብቴይን በኋላ ሬጂስተር 15 ዜሮ ካልሆነ ስህተት ነው ብለው ይዘላሉ። ቼክዜሮ የስ ሲጨመር 20 የስኬት ኮድ ይሆናል። ፈተናውን ሳይቀይሩ ፓራሜትሩን መጨመር ቦታው በጸዳ ቁጥር ፕሮግራሙን ወደ ስህተት መንገድ መላክ ነው።

ጥገናው

ለተመን ሞጁሉ የተደረገው ጥገና አጭር ነው። ከኦብቴይኑ በኋላ ኤምቪሲኤል የሚባለው የማሽን ትእዛዝ ተጨመረ፤ የምንጩ ርዝመት 0፣ መሙያው ባይት 0፣ ስለዚህ መድረሻው በሙሉ ዜሮ ይሆናል። ርዝመቱ ከ256 ስለሚበልጥ ኤክስሲ የሚባለው ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃውም። ባውንደሪ ፔጅ ጨምሮ ሲስተሙን ማስገደድም ይቻል ነበር፤ ግን ፋይሉ ወደፊት ከ62 ረድፍ ቢያንስ ርዝመቱ ከ4096 ይወርዳልና ያው ወጥመድ ሌላ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ቦታው የሚጸዳው በአንድ ጆብ አንዴ ነው፤ የሚወስደው ጊዜ በመለኪያ አይታይም። ኮመንቱም ተቀየረ፤ አሁን የሚያጸዳው ፕሮግራሙ ራሱ መሆኑንና ለምን እንደሆነ ይናገራል። የውስጥ መመሪያው ላይም ቅድመ ሁኔታዎቹ ከነቁጥራቸው ገቡ።

ፕሮዳክሽንስ? የፕሮዳክሽኑ ፋይል ሁልጊዜ ከ126 ረድፍ በላይ ስለሆነ ተመን ሞጁሉ እዚያ ለአደጋ አልተጋለጠም። ጥገናው ቢሆንም ገብቷል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ይበልጥ ከባድ ነበር። የምንጭ ላይብረሪውን በሙሉ ጌትሜይንና ስቶሬጅ ኦብቴይን ፈልገን፣ ከእያንዳንዱ ቀጥሎ የማጽዳት ትእዛዝ ስለመኖሩ በዓይን አየን። ኤክስሲ ወይም ኤምቪሲኤል የሚል ቃል መገኘቱ አይበቃም፤ አንዱ ሞጁል ራስጌውን ብቻ አጽድቶ ከኋላ ያለውን ጠቋሚ ትቶት ነበር። በኮቦልና በፒኤል/አይ የተጻፉት የተለዩ ናቸው፤ ሜሞሪያቸውን የሚያገኙት በላንጉዌጅ ኢንቫይሮመንት (የቋንቋዎቹ የጋራ የራን ታይም ድጋፍ) በኩል ስለሆነ ስቶሬጅ የሚባለውን የራን ታይም አማራጭ ዜሮ ባልሆነ ባይት ሞልቶ መፈተን ይቻላል። በአንድ ኮቦል ፕሮግራም ላይ ቫልዩ (መነሻ ዋጋ) ያልተሰጠው የሎካል ስቶሬጅ መስክ በዚሁ መንገድ ተገኝቷል፤ ተደማሪ ነበር።

የመቀያየሪያውን ዕጣ በተመለከተ ስብሰባው ረዘመ። አዲሱን ኤልፓር ወደ የስ መልሰን እንገላገል የሚሉ ነበሩ። እኔ የተከራከርኩት በተቃራኒው ነው፦ የሙከራ ኤልፓር ጉድለትን የሚያወጣ መሆን አለበት፣ የሚሸፍን አይደለም። በመጨረሻ ሁለቱም የሙከራ ኤልፓሮች ኖ ሆኑ። ነባሩ በተቀየረ ሳምንት ሌላ ሞጁል ወደቀ፤ ከተመኑ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ የሪፖርት ገጽ ቁጥር የሚይዝ። በ+12 ሳይሆን በ+40 ላይ ነበር የቀረው፣ የቀድሞው ባለቤት የሬጂስተር 5 ይዘት። ከደምፑ እስከ ባለቤቱ ያለውን መንገድ አሁን ሁሉም ያውቀዋል፤ የፕሮግራሙ ባለቤቶች ራሳቸው አግኝተው ራሳቸው ጠገኑት፣ ወደ እኛም አላመጡትም።

ፕሮዳክሽን ግን የስ ላይ ቀርቷል። አንድ ሎድ ሞጁል አለ፤ ምንጩ ጠፍቷል፣ በየሩብ ዓመቱ መዝጊያ ላይ ይሠራል፣ 2400 ባይት ይጠይቃል። ዲስአሴምብል ስናደርገው፣ ማለትም ከማሽን ኮድ ወደ አሴምብለር ስንመልሰው፣ የሚያጸዳበት ትእዛዝ የለውም። እስኪተካ ድረስ መቀያየሪያው እንዲቆይ ተወስኗል፤ በዲያግ አባሉ ላይ ከመስመሩ በላይ የሞጁሉ ስም፣ የተካዩ ፕሮጀክት ባለቤትና መስመሩ የሚነሳበት ሁኔታ በኮመንት ተጽፏል።